ተመዝጋቢና ተማሪ፤ በጌዴኦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቁጥር ጥያቄ

በያመቱ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከሚያወጧቸው መግለጫዎች ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የምዝገባ አኃዝ ነው። ይህን ያህል ሺህ ሕፃናት ተመዘገቡ፣ ከታቀደው ውስጥ ይህን ያህል በመቶ ተሳካ ይባላል። አኃዙ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እየተደመረ ይወጣና በመጨረሻ በአገር አቀፉ ዓመታዊ መድበል ውስጥ አንድ መሥመር ሆኖ ይቀመጣል። ነገር ግን በመስከረም ስሙ የተጻፈው ሕፃን በጥር ወር የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ መግለጫ እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ አካባቢ፣ ይኸውም በጌዴኦ ዞንና በርእሰ ከተማው በዲላ ላይ እናተኩርበታለን። ጌዴኦን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሕዝብ ብዛት፣ የመሬት ጥበት፣ የቡና ገበያና የሕዝብ መፈናቀል በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ እንዲህ ተሰባስበው የሚታዩበት ቦታ በአገራችን ጥቂት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ የቦታውን ነባራዊ ሁኔታ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዲላ ከተማ በ1987 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 34 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበረው፤ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ግን 59 ሺህ ደርሷል። ዞኑ በጠቅላላው በ1987 ወደ 564 ሺህ፣ በ1999 ደግሞ ከ847 ሺህ በላይ ሕዝብ ተቆጥሮበታል። በ13 ዓመት ገደማ ውስጥ የሕዝቡ ቁጥር በግማሽ አደገ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሰፈረው ከ1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቆላማ፣ ወይና ደጋማና ደጋማ ቁልቁለት ላይ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ይደርሳል። ከመቶው ሕዝብ ወደ 87 የሚሆነው ደግሞ ከተሜ ሳይሆን ገበሬ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ የሕዝብ ጥግግት ከፋብሪካና ከሕንፃ ጋር ይመጣል፤ በጌዴኦ ግን ከእንሰትና ከቡና ጋር መጥቷል።

እንግዲህ ከዚህ አኃዝ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። በ1999ኙ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። ይህንኑ መጠን ለጌዴኦ ብንወስድ ከ380 ሺህ የማያንስ ልጅ በዞኑ ነበር ማለት ነው። በየዓመቱ ሰባት ዓመት የሚሞላው ሕፃን ከጠቅላላው ሕዝብ መቶ እጅ ሦስቱ ያህል ነው ብለን በግርድፉ ብንገምት፣ አንደኛ ክፍል መግባት የሚገባው 25 ሺህ ይሆናል። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይቀመጥ በሚለው መለኪያ ለዚህ አንድ ዕድሜ ብቻ 500 የመማሪያ ክፍሎች ያስፈልጋሉ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ቢሰጥ እንኳ 250። ሕዝቡ በዓመት መቶ እጅ ሦስት ሲጨምር አንደኛ ክፍል ገቢው በ750 ሕፃን ይጨምራል፤ ይህ 15 ክፍል ነው። ስምንት ክፍል በነበረው በቀድሞው የአንደኛ ደረጃ አደረጃጀት፣ ሁሉም ልጅ ይማር ከተባለ፣ በዓመት 120 ያህል አዳዲስ ክፍሎች ሊሠሩ ይገባ ነበር። አንባቢው ያስተውል፤ ይህ ሁሉ ግንባታ የሚያስፈልገው ሽፋኑን ከፍ ለማድረግ ሳይሆን ባለበት እንዳይወርድ ለማድረግ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አንዲት እናት በሕይወት ዘመኗ የምትወልደው ልጅ በአማካይ በ1992 ዓ.ም ከነበረበት 5.5 በ2008 ወደ 4.6 ዝቅ ብሏል። ሆኖም የዛሬው እናት ቁጥር ከትናንቱ ስለሚበልጥ የወሊድ መጠን መቀነስ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ወዲያውኑ አይታይም።

ክፍሉ የሚሠራበት መሬትስ ከየት ይመጣል? በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው በሚኖርበት አገር በአንድ ሔክታር ላይ ሰባት ሰው ይኖራል። ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሔክታር ግቢ ይሰጠው ቢባል የ14 ሰው፣ ማለትም የሦስት አባወራ መተዳደሪያ ሊነሣ ነው። የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ደግሞ ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፣ ከቡናው ሥር ሌላ አትክልት ተደራርቦ የበቀለበት፣ በትውልድ ልፋት የተሠራ ማሳ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በዚህ ጥበብ ምክንያት ነው። ይህ ምዝገባ ለአገር ክብር ነው፤ ዳሩ ግን ለትምህርት ቤት ግንባታ ቦታ የሚፈልገውን ሹም ሥራ የሚያቀል አይደለም። በየቁልቁለቱ ላይ ግቢያቸው የጠበበ፣ የተማሪው መጫወቻና የሰልፉ ቦታ አንድ የሆነባቸው ትምህርት ቤቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁኔታ በአንድ ሌሊት የተፈጠረ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት የጌዴኦ ገበሬ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ከቡናው እርቦ ወይም ሲሶ ሲያስረክብ ኖሯል። በ1952 ዓ.ም ሚጪሌ ላይ ተነሥቶ ብዙ ሕይወት የጠፋበት አመፅ ያደረገው የዚህን ጭነት ክብደት መሸከም ሲያቅተው ነበር። ከ1940 ዓ.ም ጀምሮ ለትምህርት ማስፋፊያ ተብሎ በመሬት ላይ የተጣለው ግብርም አልቀረለትም። ከግብሩ ዞሮ ዞሮ የተጠቀመው ግን በአብዛኛው የከተማ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው በአውራጃውና በወረዳው ከተማ ስለነበረ የገጠሩ ሰው ልጁ የማይገባበትን ትምህርት ቤት በቡናው ይሠራ ነበር ማለት ነው። በገጠሩ ይህን ክፍተት በጥቂቱ የሞሉት የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በ1966 ዓ.ም በመላ አገሪቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ላይ የነበሩት ልጆች አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኛውን ሥርዓት ሲያፈርስ ለትምህርቱም አዲስ ሁኔታ ፈጥሯል። የገበሬ ማኅበራት በራሳቸው ጉልበትና መዋጮ ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ ጌዴኦኛ ከእነዚሁ አንዱ ነበር። በ1980 ዓ.ም ገደማ የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሦስት ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱና ድርቁ የተገኘውን መልሰው ወሰዱትና በ1987 ዓ.ም በአጠቃላይ ስሌት የምዝገባው መጠን 26 በመቶ ገደማ ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው መስፋፋት በእርግጥ ፈጣን ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለው የትምህርት ክፍያም ቀረ። በ1998 ዓ.ም መጠኑ ከ90 በመቶ በላይ ደረሰ። በዲላም በ1980ዎቹ ማገባደጃ የመምህራንና የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህን ሁሉ ማቃለል አይገባም።

ችግሩ ያለው «አጠቃላይ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። አጠቃላይ የምዝገባ መጠን ማለት በትምህርት ቤት ያሉት ሁሉ፣ የ16 ዓመት ወጣትም ሆነ ሦስተኛ ጊዜ የደገመ ሕፃን፣ ለትምህርት ዕድሜ በደረሱት ልጆች ቁጥር ሲካፈሉ የሚገኝ ውጤት ነው። ስለዚህ መጠኑ ከመቶ በላይ ወጥቶም በየመንደሩ ያልተማረ ልጅ ሊኖር ይችላል። ይህ አስገራሚ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ የሚለው እንዲሁ ነው። በዚያው በመስፋፋቱ ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ አንደኛ ክፍል ከገቡት ሕፃናት መካከል ከአምስቱ አንድ ያህሉ ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ያቋርጥ ነበር። በ2002 ዓ.ም በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በምዝገባው አኃዝ ውስጥ ሙሉ ተማሪ ሆነው ተቆጥረዋል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ የነገሩ እምብርት ያለው በዚያ ነውና። በጥቅምትና በኅዳር ከዲላ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ቅርጫትና ማዳበሪያ ተሸክመው ወደ መፈልፈያ ጣቢያ የሚወርዱ ልጆችን ሳያይ አይቀርም። ቀይ እሸት ቡና ከዛፉ ላይ ሲበስል ጊዜ አይሰጥም፤ ለቅሞ በዕለቱ ለጣቢያ ያላደረሰው ገበሬ ወይ ጀንፈል አድርጎ በአነስተኛ ዋጋ ይሸጣል ወይም ይበላሽበታል። የገበሬው ማሳ ከግማሽ ሔክታር በታች ስለሆነ ለቃሚ በደመወዝ ለመቅጠር ገቢው አይፈቅድለትም። የሚቀረው የቤተሰቡ እጅ ነው፤ ከቤተሰቡ እጅ ውስጥም ዝቅተኛውን ቅርንጫፍ ጎንበስ ሳይል የሚለቅመው የልጅ እጅ ነው። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም፣ ቡናው የሚቀላው ከዚያ ተከትሎ ነው። ስለዚህ ልጁ ተመዝግቦ፣ ፊደል መቁጠር ጀምሮ፣ ገና የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ከምልክታቸው ጋር ማያያዝ በሚገባው ሳምንታት ከክፍል ይጠፋል። በጥር ሲመለስ መምህሩ ቃላት ወደ መመሥረት አልፏል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ባመለጠው ላይ የተሠራው ሁሉ ስለማይገባው በዓመቱ መጨረሻ ይወድቃል፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና አንደኛ ክፍል ይመዘገባል፤ የምዝገባውንም አኃዝ ከፍ ያደርገዋል!

ይህን ያዩ አንዳንድ ሹማምንት ጥፋቱን በወላጁ ላይ ይጥላሉ፤ ገበሬው የትምህርትን ጥቅም አልተረዳም፣ ቅስቀሳ ያስፈልገዋል ይላሉ። ይህ አስተያየት ከእውነቱ የራቀ ነው። የጌዴኦ ገበሬ መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ እንደማይበቃ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግማሽ ሔክታር ለአምስት ወንድማማች ቢካፈል ምን እንደሚደርስ በሶንጎው ሸንጎ በየጊዜው የሚዳኘው ክርክር ይኸው ነው። ከመሬት ውጭ ለልጁ ሊያወርሰው የሚችለው ትምህርት ብቻ መሆኑን የሚያስተምረው ቀስቃሽ አያሻውም። የሚያስጨንቀው የዓመቱ ጥሬ ገንዘብ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚወሰን መሆኑ ነው። ለዚህም ማስረጃ ያለው የዓለም ገበያ ዋጋ በወደቀበት በ1994 ዓ.ም አካባቢ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ፣ በኒው ዮርክ የተወሰነው ዋጋ ይርጋ ጨፌ ላይ የደብተርና የልብስ ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል። ትምህርቱ በነፃ ነው መባሉ ደብተሩን፣ እርሳሱን፣ ጫማውንና ለትምህርት ቤቱ የሚጠየቀውን መዋጮ በነፃ አያደርገውም።

የልጃገረዷ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የወንዱ ሥራ ከወቅት ጋር ይመጣል፣ ከወቅት ጋር ይሄዳል። የእሷ ግን ወቅት የለውም። ውኃ በየቀኑ ይቀዳል፣ እንጨት በየቀኑ ይለቀማል፤ እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት የሴቶች የጋራ ሥራ በመሆኑ እናት በተጠመደች ቀን ሕፃኑን የምትይዘው ታላቂቱ ልጅ ናት። ስለዚህ እሷ ከመዝገቡ የምትጠፋው በአንድ ወቅት ሳይሆን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እየቀረች፣ ቀስ በቀስ ነው። ወርኃዊ የቀሪ መዝገብ በጥንቃቄ ካልተያዘ ይህ ዓይነቱ መጥፋት አይታወቅም።

ከዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ዐቢይ ጉዳይ አለ። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። አብዛኞቹ መሬት ሲጠብባቸው ወደ ምዕራብ ጉጂ ወረዳዎች ሄደው ኑሮ የመሠረቱ የጌዴኦ ተወላጆች ነበሩ። ተፈናቃዩ ወደ ጌዴብ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ዲላ ሲጎርፍ የተጠለለው በአብያተ ክርስቲያናት፣ በመንግሥት ሕንፃዎችና በትምህርት ቤቶች ነበር። በዚህም የተነሣ ሁለት ወገን ልጆች በአንድ ጊዜ ከትምህርት ተለዩ፤ አንደኛው ትምህርት ቤቱን ጥሎ የሸሸው፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ መጠለያ የሆነበት። የተፈናቃዩ ልጅ በጉጂ በኦሮምኛ ሲማር ቆይቶ ጌዴኦኛ በሚያስተምር ክፍል መቀመጥ ነበረበት፤ በ2011 ዓ.ም የበልግ ወራት ወደ ነበረበት ሲመለስ ደግሞ እንደገና ወደ ኦሮምኛ። ዓመት ሳይሞላ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ እስከ ጥቅምት 2013ም አልተከፈቱም። በ2010 ሰባት ዓመት የሞላው የዚህ አካባቢ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የትምህርት ዓመታት ውስጥ አንዱን እንኳ ሙሉ ሳያገኝ የቀረበት ሁኔታ አለ። ያ ልጅ ዛሬ የጉርምስና ዕድሜ ላይ ነው።

ይህ መፈናቀል የቁጥሩንም ጉዳይ አወሳስቦታል። ከ1999 ዓ.ም ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም፤ የታቀደው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቁጥር የሚገኘው ከአሮጌው ቆጠራ ተነሥቶ በሚሠራ ትንበያ ነው። ትንበያ ወሊድንና ሞትን ይገምታል፤ በሁለት ወር ውስጥ ድንበር ተሻግሮ የመጣ፣ በዓመቱ ከፊሉ የተመለሰ፣ ከፊሉ የቀረ ሕዝብን ግን ሊገምት አይችልም። አካፋዩ የማይታመን ሲሆን ድርሻው ምንኛ ሊታመን ይችላል? በአንድ ወረዳ የምዝገባ መጠን 110፣ በሌላው 80 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ ከትምህርቱ መጣ ወይስ ከአካፋዩ የሚለውን መለየት ያዳግታል። በዚህ ላይ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ፣ በመስከረም የተጻፈን ስም በየካቲት ለመሰረዝ የሚያነሣሣ ምክንያት ለርእሰ መምህሩ የለውም። ይህን ስንል ርእሳነ መምህራንን ለመክሰስ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋቸዋል።

መፍትሔው ከየት ይጀመር? ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኮሎምቢያ እንደ እኛው ቡና አብቃይ ናት። እዚያ በፈረንጆች 1970ዎቹ የተጀመረው «አዲስ ትምህርት ቤት» የተባለ የገጠር አሠራር ልጁ በየደረጃው በተዘጋጀ የመማሪያ መምሪያ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ፣ ለመከር ሲወጣ ያቋረጠበትን ገጽ አስታውሶ ሲመለስ ከዚያው እንዲቀጥል አድርጓል። ለመከር መውጣት ክፍል ለመድገም ምክንያት መሆኑ ቀረ። የቡና አብቃዮቹ ማኅበራትም ከቡናው ገቢ ለትምህርት ቤቶቹ ድጋፍ አድርገዋል። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ስሙ በዓለም የታወቀ ቡና የሚሸጥ ድርጅት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ በለቀማ ወቅት ሳምንታት ላይ የማይመክርበት ምክንያት አይታየንም።

የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠርም ቢሆን ከላይ የወረደ ድንጋጌ ሆኖ መኖር የለበትም። በዲላ ዙሪያና በወናጎ ዝቅተኛ ቦታዎች ቡናው ቀድሞ ይደርሳል፤ በጌዴብና በኮቸሬ ከፍታዎች ይዘገያል፤ በቡሌ ደጋ ደግሞ ከቡና ይልቅ እንሰትና ገብስ ነው ያለው። ለዞኑ ሁሉ አንድ ወጥ የለቀማ ዕረፍት ቢታወጅ እንኳ ለግማሹ ያለ ጊዜው ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ሳምንቱ ዕረፍት መቼ እንደሚሆን የሚወስነው በየቀበሌው ያለው የወላጅና መምህራን ኅብረት ቢሆን፣ የባከነው ቀንም በክረምቱ መግቢያ ቢካካስ፣ ከወላጁ ጋር የሚደረገው የያመቱ ግብግብ ይቀንስ ነበር። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ከአንድ እስከ ስድስተኛ ክፍል አድርጎ ሲያዋቅር፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ጌዴኦ የታቀፈበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ከሥር ለመመርመር ምቹ ጊዜ ነበር፤ ዛሬም አላለፈም።

ከሁሉ ቀድሞ ገንዘብ ሳያስወጣ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ሁለተኛ ቆጠራ። መስከረም ላይ የተመዘገበው እንደተጻፈ ይቆይ፤ በጥር ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ በየክፍሉ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ በዕድሜ፣ በጾታና በመኖሪያ ቀበሌ ተለይቶ ይቆጠር፤ ሁለቱ አኃዞች ጎን ለጎን ይታተሙ፤ ድጎማውም በሁለተኛው ይሰላ፣ ሆኖም የቀሪዎቹን ልጆች ስምና ምክንያት ዘርዝሮ ያቀረበ ትምህርት ቤት በቁጥሩ ማነስ እንዳይቀጣ ይደረግ። በጌዴኦ መዝገብ ላይ በሁለቱ አኃዞች መካከል የሚታየው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌና ከየትኛው ክፍል እንደሚበዛ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።